«የማን ልጅ ነህ?»፦ አጥንት፣ ርስትና ስለት በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በአስፋልቱ የምትመላለሱ መጋቢያንና ደቀ መዛሙርት ማንኩሳን ታውቋታላችሁ። አውቶቡሱ ሰው አውርዶ ሰው ጭኖ የሚያልፋት ትንሽ ከተማ ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚነሣው ከዚህች ስፍራ ነው። የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ የተወለደባት፣ ገና በልጅነቱም ለቤተ ክርስቲያን የተሳለባት አገር ናት። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰሙ ወላጆቻችን ታሪኩን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

በእኛ ዘንድ ይህ መጽሐፍ በሁለት መንገድ ሲጠቀስ እሰማለሁ። አንደኛው በሠርግ ስብከት ነው፤ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ምሳሌ ይሆንና ይታለፋል። ሁለተኛው ደግሞ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን መምቻ ዱላ ሲሆን ነው፤ «እነሆ፣ የራሳቸው ሰው የጻፈባቸውን ተመልከቱ» ይባላል። ሁለቱም ንባቦች መጽሐፉን ያሳንሱታል። ሐዲስ የካህን ልጅ ናቸው፤ በቆሎ ትምህርት ቤት ያለፉ፣ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። የጻፉት ከውጭ ሆነው በመሳለቅ አይደለም። መጽሐፉ እየደጋገመ የሚጠይቀው ጥያቄ፣ የጎጃም ሽማግሌ እንግዳ ወጣት ሲያገኝ አስቀድሞ የሚጠይቀው ነው፦ የማን ልጅ ነህ?

ይህ ጥያቄ ዛሬም በአገልግሎታችን ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀናል። በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ገጠር አንድ ወጣት ጌታን ሲቀበል ቤተሰቡ በመጀመሪያ የሚያነሣው የትምህርት ክርክር አይደለም። ስለ ጸጋና ስለ ሥራ የሚጠይቀው የለም። የሚሰማው «ማተብህን በጠስህ፣ የአባትህን አጥንት ካድህ» የሚለውን ነው። እኛ ለዚህ ምን መልስ አዘጋጅተናል? ብዙ ጊዜ «የአባትህን ቤት ርሳ» ከማለት በቀር ሌላ የለንም።

አጥንት እና ክስ

በልቦለዱ ውስጥ የአጥንት ቆጠራ ወኪል ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂን ሁሉ ሲመልሱ ሰብለ ወንጌል የማግቢያ ዕድሜዋ ያልፋል። ባላገሩ ተጨማሪ ግብር አንሰጥም ሲላቸው ደግሞ ጦር ይዘው ይወጣሉ። ሐዲስ እኚህን ሰው የጻፏቸው በሳቅ ነው። ሆኖም ሳቁ አንድ አደጋ አለው፤ አንባቢው አጥንት መቁጠር የመኳንንት በሽታ ብቻ ይመስለዋል። ገበሬውም ይቆጥር ነበር፤ ያውም ከፊታውራሪው በበለጠ ጥንቃቄ፣ ምክንያቱም እንጀራው በቆጠራው ላይ ነበር።

ይህን በግልጽ ያሳየው አለን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ነው። የፍኖተ ሰላም ጎረቤት በሆነችው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ፣ ስለ አማራ የመሬት ይዞታ የጻፈውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1973 አሳተመ። የዚህን አገር ሕዝብ የሚያገለግል ሰው ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው እላለሁ፤ በሴሚናሪዎቻችን የሚያነበው ግን ጥቂት ነው። ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነው። ርስት ማለት መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ዘር በመሆን የሚገኝ መብት ነው። ዘሩ የሚቆጠረው በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም ነው። እንግዲህ አንድ ሰው አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች እያለ ሲወጣ የሚደርስባቸው አቅኚ አባቶች ብዙ ናቸው፤ በየአገሩ ሊጠይቅ የሚችለው ርስትም ብዙ ነው። ሁሉን ግን አያገኝም። የትኛው ጥያቄ ፍሬ እንደሚያፈራ የሚወስነው የሰውዬው ጉልበት፣ ወዳጅ ማብዛቱ፣ በክርክር መበርታቱና በአካባቢው ያለው ክብር ነው።

የዚህን ትርጉም ልብ በሉ። «አጥንት» ሲባል ከሰማይ የወረደ፣ የማይነቃነቅ ነገር ይመስለናል። በሥራው ላይ ግን ሰው ከብዙ አባቶቹ የሚጠቅመውን መርጦ በሸንጎ ፊት የሚከራከርበት ጉዳይ ነበር። ፊታውራሪ መሸሻ አጥንታቸውን እንደ ተሰጠ ነገር ይዘው ይኮራሉ፤ የማንኩሳ ገበሬ ግን አጥንት የሚረታ ወይም የሚረታበት ክስ መሆኑን ያውቃል። በልቦለዱ ላይ ያለኝ ዋናው ቅሬታም ይኸው ነው። ሐዲስ የዘር ኩራትን ከላይ ከወንበሩ አፈረሱት እንጂ፣ ሥሩ በእያንዳንዱ ጎጆ ጓሮ መተከሉን ያን ያህል አላሳዩንም።

ሥሩ ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበር የታየው መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ተነሣ። ያስፈራው የገንዘቡ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ከተለካ ርስት ሊጠፋ ነው ብሎ ፈራ። መንግሥትም ኋላ ለማፈግፈግ ተገደደ። ከዚያ በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን በሕግ አስቀረ። ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1989 ዓ.ም. በክልሉ መሬት እንደገና ሲደለደል «የፊውዳል ቅሪት» እና «ቢሮክራት» የተባሉ ሰዎች ይዞታቸው ተቀነሰ። አጥንት መሬት ያሰጥ የነበረበት አገር፣ ያለፈ ታሪክ መሬት የሚያስቀንስበት ሆነ። ቆጠራው ግን ቀጠለ።

እዚህ ላይ በመድረካችን ላይ ያለ አንድ ቃል ላንሣ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች የዕብራይስጡንና የግሪኩን የውርስ ቃል «ርስት» ብለው ሲተረጉሙ አፈር የነካ ቃል ሰጥተውናል። ናቡቴ የአባቶቹን ርስት ለአክዓብ አልሰጥም ሲል (1 ነገ. 21) የ1960ውን የጎጃም ገበሬ የሚመስል ሰው ነው፤ በዚህ ክፍል ላይ ዳሞት ውስጥ ብትሰብኩ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። ኤፌሶን 1 ግን ማብራሪያ ይፈልጋል። በቁጥር 5 ልጅነት አለ፤ እርሱም በጉዲፈቻ የሚሰጥ ልጅነት ነው። በቁጥር 11 እና 14 ርስት አለ። በመካከል ያለው ማስረጃ የትውልድ ቆጠራ አይደለም፤ መንፈስ ቅዱስ መያዣ ሆኖ መታተሙ ነው። ለእኔ ይህ ለጎጃም ሰው ሊሰበክ ከሚችለው ወንጌል ሁሉ የበለጠ ድፍረት ያለበት ነው፦ በሸንጎ ቆመህ አባት ሳትቆጥር፣ ምስክር ሳታበዛ፣ ጉልበተኛ ሳትወዳጅ ርስተኛ ነህ። እኛ ግን ቃሉን አልስልሰን «በረከት» ወደሚል ጠባብ ትርጉም አወረድነው፤ ሰሚው ሽማግሌ በልቡ የያዘው ክስ ሳይነካ ይቀራል።

አጥንቱም ቢሆን የተባለውን ያህል የጠራ አይደለም። የጎጃም ምዕራብ የአገው፣ የሺናሻ፣ የኦሮሞ፣ የጋፋት አገር ሆኖ ኖሯል። ቡሬ ከዓባይ ማዶ ከወለጋ ጋር በንግድ የተሳሰረች ገበያ ነበረች። ጋፋትኛ በዓባይ ዳርቻ ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው፤ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲፈልገው ተናጋሪዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ነው ያገኛቸው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን በጋፋትኛ አስተርጉሞ ወስዶ ነበር። የቅዱስ ቃሉ አንድ መጽሐፍ በዚህ አገር በጠፋ ቋንቋ ተጽፎ መቅረቱን አስቡት። የእነዚያ ተናጋሪዎች ልጆች የት ሄዱ? የትም አልሄዱም፤ ዛሬ አማርኛ እየተናገሩ የአማራ አባት ይቆጥራሉ።

ስለት

በዛብህን የሚያስረው ድርብ ገመድ ነው። አንዱ ዝቅ ያለ ትውልዱ ነው፤ በእርሱ ላይ ብዙ ተጽፏል። ሁለተኛው ግን ለነገረ መለኮት ተማሪ ይበልጥ ሊያሳስብ ይገባል። ወላጆቹ በሞት እንዳይነጠቁት ፈርተው፣ ካደገልን በድንግልና ያገልግልህ ብለው ተሳሉት። ልጁ ሳያውቅ፣ ሳይጠየቅ ማንነቱ ተወሰነ። ፊታውራሪው በአጥንት ያደረጉትን ቦጋለና ውድነሽ በጸሎት አደረጉት፤ በፍቅር ስላደረጉት ደግሞ የበለጠ ከባድ ሆነ። ሐዲስ እዚህ ላይ ከማንኛውም ሰባኪ የተሻለ ነገር ሠርተዋል፦ ማንንም ክፉ ሳያደርጉ ክፉውን አሳይተውናል። አንባቢው በወላጆቹ ላይ ሊፈርድ ሲነሣ እጁ ይዝላል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለዚህ ምን ይላሉ? አብዛኞቻችን ወደ ሐና እንሮጣለን (1 ሳሙ. 1)። ሐና ሳሙኤልን ሰጠች፤ ሳሙኤል ግን ሚስት ያገባና ልጆች የወለደ ሰው ነው (1 ሳሙ. 8፥1-2)፤ መሰጠቱ ትዳርን አልከለከለውም። ዘኍልቍ 30 በአባትዋ ቤት ያለች ልጅ የተሳለችውን አባትዋ ሊሽረው እንደሚችል ይናገራል፤ ስለት ሁሉ የማይፈታ ቋጠሮ አይደለም ማለት ነው። ከሁሉ የሚደንቀኝ ዘሌዋውያን 27 ነው። ሰው ለእግዚአብሔር ቢሳል በዋጋ ይገመታል፦ ከአንድ ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ወንድ ልጅ በአምስት ሰቅል፣ ሴት ልጅ በሦስት። ደሀ ቢሆንና መክፈል ቢያቅተው ካህኑ በዓቅሙ ይገምትለታል። ሕጉ የወላጅን ልብ ያከብራል፤ የልጁንም ሕይወት ያስመልጣል። ይህ ምዕራፍ ማንኩሳ ላይ በበዛብህ ራስ ላይ ቢነበብ ኖሮ ልቦለዱ በአምስት ሰቅል ያበቃ ነበር። (እርግጥ ነው፣ ያን ጊዜ እኛም የምናነበው መጽሐፍ አይኖረንም ነበር።) ያልተነበበበት አገር ደግሞ የዮፍታሔ አገር ይሆናል (መሳ. 11)።

አሁን ድንጋዩን ወደ ሌላው ቤት ከመወርወራችን በፊት የራሳችንን ግቢ እንይ። ሕፃን ስናቀርብ በመድረክ ላይ ምን እንላለን? «ይህ ልጅ አገልጋይ ነው፣ ለአሕዛብ ነቢይ ነው» ተብሎ ይተነበይለታል፤ እናትየው ታለቅሳለች፤ ጉባኤው አሜን ይላል። ልጁ አድጎ ኤሌክትሪሺያን ልሁን ሲል «ከጥሪህ ሸሸህ» የሚባልበትን ቤት ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመጋቢ ልጅ የሆናችሁ አንባብያን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። ከበዛብህ የሚለየው በዜማው ብቻ ነው።

ጉዱ ካሣ ያላገኘው ቤት

ወንጌላውያን አንባብያን ጉዱ ካሣን ይወዱታል። ከመኳንንቱ ወገን ተወልዶ የመኳንንቱን ሥርዓት የሚነቅፍ፣ ልማድን የሚዘባበትበት ሰው ነው። እኔ ግን ይህን ፍቅር በጥንቃቄ ነው የማየው። ካሣ ቤቱን ለማፍረስ በቂ ዕውቀት አለው፤ የፈረሰበትን ሰው የሚያሳድርበት ቤት ግን የለውም። በአገሩ ሰው ዘንድ «ጉዱ» ተብሎ የቀረው ለዚህም ነው። በገጠር የምንተክላቸው ትናንሽ ኅብረቶች አንዳንዴ ጉዱ ካሣዎችን ያፈራሉ፦ ስሕተትን በትክክል የሚያውቁ፣ የሚቀብራቸው ዕድር ግን የሌላቸው ወጣቶች።

ስለ ማንነትና ስለ አባቶች እምነት ሲነሣ በሴሚናሪ የምናነበው ብዙውን ጊዜ የምዕራብ አፍሪካን ነው። ናይጄሪያዊው ቦላጂ ኢዶው እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ዮሩባ አምላክ ስለ ኦሎዱማሬ ጻፈ። ጋናዊው ክዋሜ ቤዲያኮ እ.ኤ.አ. በ1992 ነገረ መለኮትንና ማንነትን ይዞ ወደ ዮስጢኖስና ወደ እስክንድርያው ቀሌምንጦስ ተመለሰ፤ አፍሪካዊ ክርስቲያን ከክርስትና በፊት ከነበረው ያለፈ ሕይወቱ ጋር እንዴት ይታረቃል ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ለእኛ ግን ሲለካ ጠባብ ልብስ ይሆናል። ዮሩባ ሰው ከኢሌ ኢፌና ከኦዱዱዋ የሚወርድ ዘር አለኝ ይላል፤ ይህን የሚለው ግን ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ የአማልክቱ አገልጋይም ነው። በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማቾች አሉ፤ ዘሩ ከሃይማኖቱ ተነጥሎ ይቆማል። በእኛም አገር ወሎ ለዚህ ይቀርባል፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተሰብ የሚገኙበት ነው። ጎጃም ግን ሌላ ነው። በባላገሩ አፍ «አማራ» ማለት ለረጅም ዘመን «ክርስቲያን» ማለት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ1983 ዓ.ም. አማራ የሚባል ጎሣ የለም ብለው ሲከራከሩ የሰማቸው ሁሉ ቢቆጣም ባይቆጣም፣ ቃሉ ይህ ሁለተኛ ትርጉም እንዳለው የገጠር ሰው አይክድም።

ልዩነቱ ከባድ ነው። ቤዲያኮ የሚያስበው አማኝ አባቶቹ ክርስቶስን ስላልሰሙ ይጨነቃል። የቡሬው ወጣት አባቶች ግን ክርስቶስን ሰምተዋል፤ ጾመዋል፤ በስሙ ተጠምቀዋል፤ በስሙም ተቀብረዋል። ስለዚህ 1 ጴጥሮስ 1፥18ን፣ ከአባቶች ስለ ተወረሰ ከንቱ ኑሮ የሚናገረውን፣ ሳይመረምር በፊቱ የሚያነብ ሰባኪ ሁለት ነገር ይበድላል፦ ጴጥሮስ በዚያ የሚያስበውን ከአሕዛብ የመጣ አማኝ ይዘነጋል፤ የወጣቱንም አያት ሳያውቃት ይፈርድባታል። እርግጥ ነው፣ በክርስትናው ሥር ሌላም ነገር አለ። አድባር የሚለመንበት ዛፍ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ጨሌ፣ የአያት ቆሌ የሚባለው ሁሉ ይታወቃል። እነዚህን የኦርቶዶክስ ካህናትም ሲገሥጿቸው ኖረዋል፤ ይህን የምንጠላው እኛ ብቻ አይደለንም።

ይልቁንም እዚህ ላይ ከእኛ ዘንድ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። በፈውስና በነፃ ማውጣት ፕሮግራሞቻችን «የዘር እርግማን» መስበር ተለምዷል። አዲሱ አማኝ ይጠየቃል፦ አያትህ ጨሌ ነበራት? በቤታችሁ ቆሌ ነበር? እስከ ስንት ትውልድ? ከዚያ በዝርዝር ይጻፍና ይጸለይበታል። ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ይህ አባት መቁጠር ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ክብር ለማግኘት፣ የዳሞት ገበሬ መሬት ለማግኘት ቆጠሩ፤ እኛ ደግሞ እርግማን ለማግኘት እንቆጥራለን። ማተቡን በጥሶ የመጣውን ልጅ በደሙ ውስጥ ያለው አያቱ እንደሚገዛው ካስተማርነው፣ ኤፌሶን 1 የሰጠውን ርስት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መልሰን ወሰድንበት። ሕዝቅኤል 18ና ኤርምያስ 31፥29-30 የአባቶችን ጎምዛዛ ወይንና የልጆችን ጥርስ አንሥተው ተረቱን የሚሽሩት በምርኮ አገር ላለ ሕዝብ ነው፤ ማለትም ርስቱን አጥቶ «የአባቶቼ ኃጢአት ነው» እያለ ለተቀመጠ ሕዝብ። ሰው ከአያቱ ልማድ፣ ፍርሃትና ቍስል ሊወርስ ይችላል፤ ያም እረኝነት ይፈልጋል። ፍርድ ግን አይወርስም።

ታዲያ የማን ልጅ ነህ ለሚለው ምን ይመልስ? ማቴዎስ ወንጌሉን በትውልድ ቆጠራ መጀመሩን ቸል አንበል። ቆጠራውን አልጣለም። ትዕማርን፣ ረዓብን፣ ሩትን አስገባበት እንጂ፤ በእናት በኩል መቁጠር ለለመደ የጎጃም ሽማግሌ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፣ የሚደንቀው የእናቶቹ ማንነት ነው። እንግዲህ ወጣቱ አባቱን ሊቆጥር ይችላል፤ ስማቸውን ያውቅ፣ ለልጆቹም ይንገር። ዮሐንስ መጥምቁ በማቴዎስ 3፥9 የነቀፈው አብርሃምን ማወቅን አይደለም፤ አብርሃምን ማስያዣ ማድረግን ነው።

የሚቀረው የተግባር ጉዳይ ነው፤ እርሱም ተዝካር ነው። የአንድ አማኝ አባት ሲሞት ዘመድ ሁሉ በዐርባው ይሰበሰባል፤ እዚያ ያልተገኘ ልጅ አባቱን እንደ ካደ ይቆጠራል። አንዳንድ አጥቢያዎቻችን «አትሂድ» ብለው ይዘጋሉ፤ አንዳንዶች «እንዳሻህ» ብለው ይተዉታል። ሁለቱም እረኝነት አይመስለኝም። ለሙታን የሚደረገው ጸሎትና ማዕዱ ሁለት ነገሮች ናቸው። ልጁ በጸሎቱ ባይሳተፍም እህሉን ያዋጣ፣ እንጨት ይፍለጥ፣ ውኃ ይቅዳ፣ ድንኳን ይትከል፣ እንግዳ ይቀበል፤ ማታ ሰው ሲበተን ከእናቱ ጋር ይደር። መጋቢውም አብሮት ይሂድ። «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ሽማግሌ እዚያው ቁጭ ብሎ ያያቸዋል፤ ጥያቄውንም ያነሣባቸዋል፤ ያን ጊዜ መጋቢው አጠገቡ ቢኖር ይሻላል።